ምጣዱን ወደ ቨርጂኒያ ላሻግረው ወይ? ለሲልቨር ስፕሪንጓ እህት ምላሽ

እህቴ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሲልቨር ስፕሪንግ እንጀራ መጋገሪያና ትንሽ ካፌ አለሽ፣ ከጋጋሪዎቹ 6ቱ ፉል ታይም ናቸው፣ ካፌው ላይ 4 ልጆች አሉ፣ በቀን 300 እሽግ እንጀራ ትሸጫለሽ። ሁለተኛ ቦታ መክፈት አስበሽ የባለቤትሽ ወንድም "ሜሪላንድ በደሞዝ ህጉ ይገድልሻል፣ ሁሉንም ጠቅልለሽ ቨርጂኒያ ግቢ" ብሎሻል። በዛ ላይ ሁለት ልጅ ብቻዋን የምታሳድግ ሰራተኛሽን ከ16 ዶላር ወደ 18 ዶላር፣ ከ25 ሰአት ወደ 40 ሰአት ላሳድግሽ ብለሻት "ይቅርብኝ" ስላለችሽ አዝነሻል፣ "መንግስት ብር እየሰጠ ሰው ስራ አስጠላው" የሚሉት እውነት ነው ወይ ብለሻል።

እኔ እዚሁ አካባቢ ለአነስተኛ ቢዝነሶች ፔይሮልና ታክስ ስሰራ 17 አመቴ ነው፣ ደምበኞቼ ደግሞ ባብዛኛው የኛው ሰዎች ናቸው፣ ስለዚ ሁለቱንም ጥያቄ ከማውቀው ልመልስልሽ። ካፌውን አታንቀሳቅሺ። መጋገሪያውን በተመለከተ ግን የባለቤትሽ ወንድም ከምታስቢው በላይ ነጥብ አለው፣ ምክንያቱን እነግርሻለሁ። ሰራተኛሽ ደግሞ ሰነፍ አይደለችም፣ ሂሳብ አዋቂ ናት።

መጀመሪያ የ2025ን ቁጥር ይዘን እንየው። የፌደራሉ ሚኒመም ዌጅ፣ ማለት አሰሪ ከዛ በታች መክፈል የማይችለው የሰአት ደሞዝ፣ ከ2009 ጀምሮ 7.25 ዶላር ላይ ቆሞ ቀርቷል፣ ስለዚ ዋናው ነገር የሚወሰነው ስቴቱና ካውንቲው ላይ ነው። ሜሪላንድ በጠቅላላው 15 ዶላር ነው፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ግን የራሱ ህግ አለው፣ ከጁላይ 2025 ጀምሮ 10 እና ከዛ በታች ሰራተኛ ያለው 15.50፣ ከ11 እስከ 50 ያለው 16፣ 51 እና ከዛ በላይ ያለው 17.65 እንዲከፍል ተደርጓል። ቨርጂኒያ በ2025 12.41 ነበር፣ በጃንዋሪ 2026 12.77 ገብቷል። ዲሲ በጁላይ 2025 17.95 ነበር። እንግዲህ ባንድ ቀለበት መንገድ ላይ እየዞርሽ በግማሽ ሰአት ውስጥ ሶስት አይነት ህግ ታልፊያለሽ ማለት ነው።

አሁን የዘመድሽን ክርክር በቁጥር እንፈትነው። ስድስቱ ጋጋሪዎች እያንዳንዳቸው በአመት 2,080 ሰአት ቢሰሩ በድምሩ 12,480 ሰአት ነው። በ2025ቱ 15.50 እና 12.41 መሀል ያለው ልዩነት 3.09 ነው፣ ሲባዛ 38,563 ዶላር ይመጣል፣ አሰሪ ለመንግስት የሚከፍለው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር 7.65 በመቶ ሲጨመርበት ወደ 41,500። ይሄን ያየ ሰው በርግጥ ይደነግጣል። ግን በአመት 360 ቀን 300 እሽግ ትሸጫለሽ ብለን ብንይዝ 108,000 እሽግ ነው፣ ልዩነቱ ባንድ እሽግ 38 ሳንቲም ነው ማለት ነው። እሱም ቢሆን ቨርጂኒያ ውስጥ በ12.41 የሚጋግር ሰው ካገኘሽ ነው። እኔ የአሌክሳንድሪያ ደምበኞቼን ፔይሮል በየሁለት ሳምንቱ አያለሁ፣ ምጣድ ላይ ቆሞ በዛ ብር የሚውል ሰው የለም፣ ህጉ 12 ቢልም ገበያው ከዛ ብዙ ከፍ ብሏል። እዛ 15 የምትከፍዪ ከሆነ ልዩነቱ 50 ሳንቲም ይሆንና በአመት 6,240 ዶላር፣ ባንድ እሽግ ከ6 ሳንቲም አይበልጥም። ለ6 ሳንቲም ብለሽ ሱቅሽን ነቅለሽ፣ ደምበኛሽን በትነሽ፣ ምጣድና ኤግዞስት አዲስ አስገጥመሽ መሄድ ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

ህግ ላይ የተፃፈው ደሞዝና ሰው በርግጥ የሚቀጠርበት ደሞዝ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚ ጋ ነው። ህጉ የሚነካሽ ገበያው ከህጉ በታች ሲሆን ብቻ ነው።

ዘመድሽ ነጥብ አለው ያልኩት ደግሞ እዚ ጋ ነው። አንቺ ሁለት ነገር ነው የምትሸጪው፣ በሰሀን የሚቀርብ ምግብና በላስቲክ የታሸገ እንጀራ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ሰው ክትፎ ሲያምረው ቨርጂኒያ ያለው ስካይላይን ድረስ አይነዳም፣ ፌንተን ስትሪት ላይ ያሉት ምግብ ቤቶች በሙሉ ደግሞ ካንቺ ጋ ባንድ ህግ ስር ናቸው፣ ደሞዝ ሲጨምር ሁሉም ላይ ነው የሚጨምረው፣ ሁሉም ሜኑ ላይ 50 ሳንቲም 1 ዶላር ይጨምራል፣ ደምበኛው ያው ይበላል። እንጀራ ግን ሌሊት መኪና ላይ ተጭኖ ድልድዩን ይሻገራል። ቨርጂኒያ የተጋገረው እሽግ ካንቺ ሱቅ ጎን ያለው ግሮሰሪ መደርደሪያ ላይ ካንቺ እሽግ አጠገብ ይቀመጣል፣ ያኛው ጋጋሪ ያንቺን ህግ አይከፍልም፣ ስለዚ ዋጋ ስትጨምሪ አብሮሽ የሚጨምር የለም። ተንቀሳቃሽ እቃ የሚያመርት ቢዝነስና ባለበት የሚቀር ቢዝነስ በአንድ ህግ እኩል አይጎዱም። ስለዚ ስለ ሁለተኛው ቦታ ስታስቢ ካፌና መጋገሪያን እንደ አንድ ቢዝነስ አታስቢያቸው።

ይሄን ነገር ኢኮኖሚስቶች ከኛ በፊት ተጨቃጭቀውበታል፣ ታሪኩ ካንቺ ጥያቄ ጋ ስለሚመሳሰል ልንገርሽ። በኤፕሪል 1992 ኒው ጀርሲ ሚኒመም ዌጁን ከ4.25 ወደ 5.05 ሲያሳድግ ጎረቤቷ ፔንስልቬኒያ ባለችበት ቆየች፣ ልክ እንደ እኛና ቨርጂኒያ ማለት ነው። ዴቪድ ካርድና አላን ክሩገር የሚባሉ ሁለት ኢኮኖሚስቶች በድንበሩ ግራና ቀኝ ያሉ 410 የበርገርና የዶሮ ቤቶችን ከጭማሪው በፊትና በኋላ ጠየቁ፣ በ1994 ያወጡት ውጤት ኒው ጀርሲ ውስጥ ስራ አልቀነሰም የሚል ነበር፣ የምግብ ዋጋ ግን ትንሽ ከፍ ብሏል። ሌሎች የቤቶቹን የፔይሮል መዝገብ ይዘው ተከራከሯቸው፣ አይ ቀንሷል አሉ፣ ክርክሩ ለአመታት ቆየ። ካርድ በ2021 ኖቤል ሲሸለም አንዱ ምክንያት ይሄ አይነት ስራው ነው። ክሩገር በ2019 አርፎ ነበር፣ ቢቆይ ኖሮ አብሮ ይሸለም ነበር የሚል ብዙ ሰው አለ፣ እኔም እንደዛው አስባለሁ።

ስራ ለምን አይጠፋም? የኢኮኖሚክስ መፅሀፉ ዋጋ ከጨመረ ገዢ ይቀንሳል ይላል አይደል። ሰራተኛ ግን እንደ ሽንኩርት አይገዛም። መኪና የሌላት፣ እንግሊዝኛ ገና የምትማር፣ ልጇን ከትምህርት ቤት በ3 ሰአት ከሰአት ማውጣት ያለባት ሴት የምትቀጠረው በእግር ወይ ባንድ ባስ የምትደርስበት ቦታ ብቻ ነው፣ አሰሪው ይሄን ያውቃል፣ ስለዚ ከምታመርተው በታች ሊከፍላት ይችላል። እዛ ጋ ህግ ደሞዙን ትንሽ ከፍ ሲያደርገው አሰሪው አሁንም አትርፎ ያሰራታል፣ እሷም ቶሎ አትለቅም። ስካይላይን አጠገብ ሜትሮ የለም፣ ካንቺ ሰራተኞች ስንቶቹ ተከትለውሽ ይሻገራሉ ብለሽ ጠይቀሻቸዋል? አንድ ጥሩ ጋጋሪ ለቃብሽ ሌላ እስክታሰለጥኚ የሚበላሸውን ሊጥ አንቺው ታውቂዋለሽ፣ ያ ወጪ ግን ማንም ወረቀት ላይ አይፅፈውም።

ግን ጉዳት የለውም ብዬ ልሸውድሽ አልፈልግም። ሲያትል በ2016 ለትላልቆቹ አሰሪዎች 13 ዶላር ሲያደርስ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ቡድን የዝቅተኛ ተከፋዮች የስራ ሰአት እንደቀነሰ አገኘ፣ የበርክሊ ቡድን ደግሞ ምግብ ቤቶች ላይ ስራ አልጠፋም አለ። በኋላ ላይ የዋሽንግተኖቹ ሰዎቹን ለያይተው ሲያዩ ልምድ ያላቸው ሰራተኞች ተጠቅመዋል፣ የቀነሰው አዲስ ወደ ስራ የሚገባው ሰው ቁጥር ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ደሞዙ ከፍ ሲል አሰሪ ያለውን አያባርርም፣ ግን ትላንት በዲቪ የመጣችውን ልጅ "ልምድ የለሽም" ብሎ ይመልሳታል። እሷ ደግሞ የትኛውም ጥናት ላይ "ከስራ ተባረረ" ተብላ አትቆጠርም።

ዲሲን ለማየት ከፈለግሽ ባጭሩ ልንገርሽ፣ እዛ በ2022 ህዝብ ድምፅ ሰጥቶ የባለቲፕ ሰራተኛ መነሻ ደሞዝ ቀስ በቀስ ከሌላው እኩል ይሁን አለ፣ ምግብ ቤቶች ሰርቪስ ፊ ጨመሩ፣ ደምበኛ ተናደደ፣ ምክር ቤቱ በ2025 መልሶ አጠፈውና 10 ዶላር ላይ አቆመው፣ በ2034 የሙሉውን 75 በመቶ እንዲሆን ወስነዋል። አንቺ ጋ የባለቲፕ መነሻ 4 ዶላር ነው፣ ቨርጂኒያ 2.13። ቲፑ ተደምሮ ሚኒመሙን ካልሞላ ግን በሁሉም ቦታ ልዩነቱን መሙላት ያንቺ ግዴታ ነው፣ ይሄን የማያደርጉ ስንት ቤቶች አውቃለሁ፣ መጨረሻቸው ጥሩ አይደለም።

     

አሁን ወደ ሰራተኛሽ እንምጣ፣ እውነቱን ለመናገር ይሄን ምላሽ እንድፅፍ ያደረገኝ የሷ ጉዳይ ነው።

በ16 ዶላር 25 ሰአት ስትሰራ በአመት 20,800 ታገኛለች። አንቺ ያቀረብሽላት 18 በ40 ሰአት 37,440 ነው፣ ጭማሪው 16,640። ትልቅ ብር ነው፣ አንቺም በቅን ልብ ነው ያቀረብሽው። እስቲ እሷ ጋ ስንት እንደሚደርስ አብረን እንቁጠር። ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር 1,273 ይወስዳል። ኧርንድ ኢንካም ክሬዲት የሚባለው ታክስ ስትሞላ የሚመለስላት ብር፣ ሁለት ልጅ ላላት ብቸኛ እናት በ2025 ሂሳብ ሙሉው 7,152 ነው፣ ገቢዋ ከ23,350 ካለፈ ግን ከእያንዳንዱ ተጨማሪ ዶላር 21 ሳንቲም ይቀነሳል፣ 2,967 ታጣለች። ሜሪላንድ በዛ ላይ የራሱን 45 በመቶ ስለሚጨምር እሱም አብሮ ይወርዳል፣ 1,335። ፉድ ስታምፕ የሚባለው የምግብ እርዳታ ከእያንዳንዱ ዶላር ቢያንስ 24 ሳንቲም ይቀንሳል፣ ወደ 4,000። ደምሪው፣ የስቴትና የካውንቲ ኢንካም ታክስ ሳይገባ 9,500 ዶላር አለፈ። ስለዚ በአመት 780 ሰአት ጨምራ ሰርታ እጇ የሚገባው 7,000 አካባቢ ነው፣ በሰአት ሲታሰብ 9 ዶላር። አንቺ 18 ሰጠሁ ብለሻል፣ እሷ 9 ነው የምታየው። ከዛ ላይ ለልጆቹ ከትምህርት ቤት በኋላ ጠባቂ ትክፈል።

ሜዲኬዱ፣ መንግስት ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ፣ ደግሞ ከዚ ሁሉ ይለያል፣ ምክንያቱም ቀስ እያለ አይቀንስም፣ አንድ ጣሪያ አለው፣ ካለፍሽ አለፍሽ። ለአዋቂ ሰው ጣሪያው ከድህነት መስመር 138 በመቶ ነው፣ በ2025 ለሶስት ሰው ቤተሰብ 36,777 ዶላር ነበር። ያንቺ 37,440 ከዛ በ663 ዶላር ይበልጣል። በ2025 ሂሳብ በ663 ዶላር ምክንያት የራሷን ሜዲኬድ ልታጣ ነው። ስኳር ወይ ደም ግፊት ካለባት ይሄ ቀልድ አይደለም።

እንግዲህ ይቺን ሴት ማን ሰነፍ ይላታል? አንቺ ነጋዴ ነሽ፣ በዚ ትርፍ ተጨማሪ ስራ ትቀበዪ ነበር?

ብዙ ሰው ዌልፌር ሲባል ቤት ቁጭ ብሎ ቼክ መቀበል ይመስለዋል። ያ ነገር በ1996 ክሊንተን በፈረመው ህግ ባብዛኛው አብቅቷል፣ ከዛ ወዲህ በፌደራል ብር የሚሰጠው የካሽ እርዳታ የ5 አመት ገደብ አለው፣ ትልቁ ድጋፍ የዞረው ለሚሰራ ሰው ነው፣ ያ ክሬዲት የማይሰራ ሰው አያገኘውም። ደግሞ ያው ህግ ግሪን ካርድ ያለው አዋቂ ሰው ባብዛኛው 5 አመት ሳይሞላው ፉድ ስታምፕም ሜዲኬድም አያገኝም ይላል፣ ስለዚ በዲቪ ለመጣ አዲስ ሰው "መንግስት እያበላው" የሚለው ወሬ ጭራሽ ከእውነት የራቀ ነው። እርዳታ ሲቋረጥ ሰው ወደ ስራ ይጎርፋል የሚለውም በ2021 ተሞክሯል፣ የኮቪዱን 300 ዶላር የስራ አጥ ጭማሪ ግማሽ ያህሉ ስቴቶች በሰመር ቀድመው አቋረጡት፣ የሜሪላንዱ ገዢ ላሪ ሆገንም ሊያቋርጠው ሲል የባልቲሞር ፍርድ ቤት አገደውና እስከ ሴፕቴምበር ቀጠለ። ያቋረጡት ስቴቶች ያገኙት የስራ ጭማሪ ትንሽ ነበር። ምንም ውጤት የለውም አልልም፣ አንዳንዱ ሰው በርግጥ ቶሎ ተመልሷል፣ ግን የቀረው ልጁን የሚጠብቅለት ያጣ ወይ በሽታውን የፈራ ነበር።

ችግሩ እርዳታው መኖሩ አይደለም፣ አወራረዱ ነው። አራት መስሪያ ቤት እያንዳንዱ ለብቻው ትንሽ ትንሽ ይቀንሳል፣ ማንም ደምሮት አያውቅም፣ የሚደምረው ያቺ እናት ኩሽናዋ ውስጥ ቁጭ ብላ ነው። ለቢዝነሱም ጉዳት ነው፣ አንቺ ጎበዝ ሰው ማሳደግ አቃተሽ፣ ስቴቱ ግን አሰሪውን ደሞዝ ጨምር እያለ በሌላ እጁ ጭማሪውን ይወስደዋል።

ታዲያ ምን ታደርጊያለሽ? መጀመሪያ ቁጥሩን ይዘሽ አናግሪያት፣ ልጆቹ ሜዲኬድ ያጣሉ ብላ ፈርታ ከሆነ ንገሪያት፣ ሜሪላንድ ውስጥ የልጆች ጣሪያ 322 በመቶ ነው፣ በዚ ደሞዝ አጠገቡም አይደርሱም። ለሷ ደግሞ ሁለት መንገድ አለ። 39 ሰአት ካደረግሽው 36,504 ይመጣል፣ ከጣሪያው በታች ነች፣ አንድ ሰአት ብቻ ነው የቀነስሽው። የተሻለው ግን ሲምፕል አይአርኤ የሚባለውን የጡረታ ቁጠባ መክፈት ነው፣ ለትናንሽ አሰሪዎች የተሰራ ነው፣ ከደሞዟ በወር 60 ዶላር ቢገባላት በአመት 720 ነው፣ ታክስ ሳይነካው ስለሚቀነስ ሜዲኬድ የሚያየው ገቢ ከጣሪያው በታች ይሆናል። አንቺ የምትጨምሪላት ማች በዛ ልክ ትንሽ ነው፣ እሷ ጡረታ ጀመረች። ስቴቱ ራሱ የሚሰጠው ሜሪላንድ ሴቭስ ለዚ አይሆንሽም፣ እሱ ታክስ ከተቆረጠ በኋላ የሚቆጠብ ነው። አንዱን መንገድ ስትመርጡ ሰአቷን በአንዴ 15 አትጨምሪባት፣ ክሬዲቱ መውረድ የሚጀምረው በ2025 ሂሳብ ከ23,350 በላይ ነው፣ ልጆቹ ከፍ እስኪሉ ደረጃ በደረጃ ሂዱ።

ሌላው፣ እባክሽ "ትርፍ ሰአቱን በካሽ ልስጣት" የሚል ሀሳብ መጥቶልሽ ከሆነ ተዪው። ብዙ ሰው ይሄን እንደ ውለታ ያየዋል፣ እኔ ግን 62 አመት ሞልቷቸው ሶሻል ሴኩሪቲ ሲጠይቁ ለጡረታው የሚያስፈልገው 40 የስራ ክሬዲት ያልሞላላቸው እናቶች ቢሮዬ ቁጭ ብለው ሲያለቅሱ አይቻለሁ፣ 20 አመት ሰርተው ወረቀት ላይ የሉም። አሁን ደግሞ በጁላይ 2025 የወጣው የፌደራል ህግ ከጃንዋሪ 2027 ጀምሮ አዋቂ የሜዲኬድ ተጠቃሚ በወር 80 ሰአት መስራቱን እንዲያሳይ ያስገድዳል፣ 13 አመትና ከዛ በታች ልጅ ያለው ወላጅ ነፃ ነው፣ ሌሎቹ ሰራተኞችሽ ግን ወረቀት ያስፈልጋቸዋል። የሚያድናቸው ያንቺ ፔይስታብ፣ የደሞዝ ወረቀቱ፣ ነው። የሰአት መዝገብሽን ካሁኑ ንፁህ አድርጊው።

ስለ ቨርጂኒያም ልጨርስ። ለመጋገሪያው የምር ካሰብሽ ዛሬ ባለው የደሞዝ ልዩነት ብቻ እንዳትወስኚ፣ ቨርጂኒያ እስከ ሜይ 2021 ድረስ 7.25 ነበር፣ በአራት አመት ውስጥ ነው 12 ያለፈው። ምክር ቤታቸው ወደ 15 የሚያደርስ ህግ በ2024 እና በ2025 ሁለት ጊዜ አሳልፏል፣ ሁለቱንም ጊዜ የያኔው ገዢ ግሌን ያንግኪን በቪቶ መለሰው፣ እሱ ደግሞ በጃንዋሪ 2026 ወርዷል። ሊዝ የምትፈርሚው ለ5 ወይ ለ10 አመት ነው። እዛ ቁጥጥር የለም የሚሉሽንም አትስሚ፣ ከ2020 ጀምሮ እያወቀ ደሞዝ የከለከለ አሰሪ ሰራተኛው ከሶ ሶስት እጥፍ ሊያስከፍለው ይችላል፣ ልክ እንደ ሜሪላንድ።

ስለዚ ከመፈረምሽ በፊት የሁለቱን ቦታ ኪራይ በስኩዌር ፊት፣ የመብራትና የጋዝ ቢል፣ እሽጉን ሌሊት ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚያመጣው መኪናና ሹፌር ወጪ፣ እና አሌክሳንድሪያ ውስጥ ምጣድ የሚችል ሰው በርግጥ የሚጠይቀውን ደሞዝ ባንድ ወረቀት ላይ አስቀምጪ። የመጨረሻውን ለማወቅ ለአንድ ሳምንት የቅጥር ማስታወቂያ እዛ ሰፈር ለጥፊና ስንት ብለው እንደሚደውሉልሽ ስሚ። 15 ካሉሽ ያንን 6 ሳንቲም ለመኪናው ቤንዚን ብቻ ትጨርሺዋለሽ።